የዓመቱ የመጀመሪያ እግር

ቴት፣ ዘመን መለወጫችን፣ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ፊቱ ይፈካል። እኔን ወገቤ ነው ቀድሞ የሚነግረኝ። ሩዙ መዘፍዘፍ አለበት፣ መጠቅለያው ቅጠል መታጠብ አለበት፣ ሥጋው መዘልዘል አለበት፣ ቤቱም ከጣሪያ እስከ ወለል መጠረግ አለበት። በበዓሉ ሦስት ቀን መጥረጊያ ያነሳ ሰው የቤቱን ሲሳይ ጠርጎ ያወጣልና ሁሉም ነገር አስቀድሞ ማለቅ አለበት። በዚያ ላይ የሩዝ ተከላው ከበዓሉ ጋር ይገጥማል። ጠዋት ጭቃ ውስጥ፣ ማታ ምድጃ ሥር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን ሁሉ ብቻዬን ነው የምወጣው፤ ዘንድሮ ግን እጄም እግሬም ሰልችቶታል።

ልጄ ካይ ታይዋን ፋብሪካ ገብቷል። ሚስቱን ንጋንን እርጉዝ አድርጎ ትቶልኝ ሄደ። እሱ በሄደ በጥቂት ሳምንት ከቀበሌ ሰው መጣብኝ። ከኖርዌይ የመጣች በጎ ፈቃደኛ አለች፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ከሰዓት በኋላ የገጠሩን ኑሮ ታያለች፣ አንቺ ጋ ባዶ ክፍል ስላለ ተቀበያት አለኝ። ጉድ እኮ ነው። የእኔ ልጅ ለጉሮሮው ብሎ የሰው አገር ማሽን ሲያጥብ ይውላል፤ የሰው አገር ልጅ ደግሞ በነፃ ልትደክም የእኔ ጭቃ ውስጥ ትገባለች። ድካም ካማራት ትምጣ፣ የምሰጣት አላጣም አልኩት።

እንዲህ አድርጋ ማሪት መጣች። ቁመቷ ረጅም በመሆኑ በራችንን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። ሩዝ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው የሚተከለው፤ እሷ ወደ ኋላ በሄደች ቁጥር ጭቃው ላይ ዘጭ ትላለች። ችግኙን አንዱን ቀብራ፣ አንዱን አንሳፍፋ፣ ረድፏን የሰካራም መንገድ አስመስላ ትተክለዋለች። ደክሟት ልትታጠብ ስትሄድ እኔ ተመልሼ እየነቀልኩ እንደገና እተክላለሁ። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ። ንጋን ደረቷን ይዛ ትስቅብኛለች፤ «እማዬ፣ ይቺ ልጅ ልትረዳዎት ነው የመጣች ወይስ ልትጨርስዎት?» ትለኛለች።

ክፉ ልጅ ግን አልነበረችም፣ እውነቱን ለመናገር። ስነሳ ትነሳለች፣ የሰጠኋትን ትበላለች፣ ቋንቋችንንም ለመከራከር እስኪበቃት ተምራዋለች። ገበታ ላይ ታናሽ ታላቁን ሳይጋብዝ እህል አይነካምና እሷም «እማማ ሉየን ይብሉ፣ እህቴ ንጋን ብዪ» ሳትል መብያ እንጨቷን አታነሳም፤ ቃሉን እየለቀመች እስክትጨርስ ሩዙ ይቀዘቅዛል። ወደድኳት እንዳልል ደክሞኝ ነበር። ለመውደድም ጉልበት ያስፈልጋል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነበር። ንጋን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። የመጀመሪያውን ሆድ ይፍጀው ብለን ዝም አልን። የሁለተኛውን ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ እል ነበር። በቴት ማለዳ ደጃፍህን ቀድሞ የሚረግጥ ሰው የዓመትህን ዕድል ይዞ ነው የሚገባው። እግረ እርጥብ ከሆነ ቤትህ ይለመልማል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ከሆነ ሐዘኑን ይዞልህ ይገባል፤ ስለዚህ ሐዘንተኛ በእነዚያ ሦስት ቀናት የሰው ቤት አይረግጥም፣ ማንም ሳይነግረው ራሱ ያውቃል። አምና ግን ጎረቤታችን ቡን የእናቱ አፈር ሳይደርቅ፣ ሰክሮ፣ ማንም ሳይጠራው «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ዘው አለብን። የዚያው ዓመት የበልግ ሩዝ ሳይታጨድ የንጋን ፅንስ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ከቡን ጋር እሳት ተጫጭረን አናውቅም።

ነገር በሦስት ይጸናል ይላሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ሦስተኛው ነው። አሁን ንጋን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ እንኳን እሰማታለሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ በሬን ለዕድል አልተውም ብዬ ሽማግሌው ቱዌ ዘንድ ሄድኩ። ሚስቱ በሕይወት አለች፣ የልጅ ልጆቹ ግቢውን ሞልተው ይንጫጫሉ፣ የተወለደበት ዓመትም በኮከብ ቆጠራ ከንጋን ዓመት ጋር ይስማማል። ከእሱ የተሻለ እግር በመንደሩ የለም። ዳክዬ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ለመንኩት። ጎህ ሲቀድ ከማንም በፊት እመጣለሁ አለኝ።

ለማሪትም ነገርኳት። ሽማግሌው ሳይገባ ከቤት እንዳትወጪ፣ ከወጣሽም እንዳትመለሺ አልኳት። የቡንንም ነገር ከእነ ጦሱ አወራኋት። አዳምጣ አዳምጣ፣ ታዲያ ሐዘንተኛው የት ይሄዳል ብላ ጠየቀችኝ። የት ይሄዳል፣ ቤቱ ይቀመጣላ አልኳት። የምጠቀልለው ገና ክምር ነበርና ስለዚህ ነገር ከዚያ በላይ አላወራንም።

በቴት ማለዳ እንደ ልማዱ ያካፋ ነበር። ተነስቼ የባሌና የአያት የቅድመ አያቶቹ መሠዊያ ላይ ዕጣን ለኮስኩ፣ በቅጠል የተጠቀለለውን የሩዝ ጥቅል ደረደርኩ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ሽማግሌው የሚቀመጥበትን ወንበር አበስኩ። ከዚያ የማሪትን ክፍል ሳይ አልጋዋ ባዶ ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ባይ፣ ልጅት ያለ ካፖርት ስልኳን ጨብጣ ከአጥሩ በር ውጭ ቆማለች። ቤት ውስጥ ስልክ በደንብ ስለማይሰማ ሲደወልላት ወጥታ ኖሯል። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ነግሬያት!

«እዚያው ቁሚ፤ እንዳትገቢ!» አልኳት።

«አልገባም፣ እማማ» አለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «አባቴ ሞተ። ልቡ ነው አሉኝ። አሁን እናቴ ደወለች።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ያጽናሽ ያልኩ መሰለኝ። እሷ ግን አስባ ጨርሳለች። የዝናብ ልብሴንና ቦቲዬን ይወርውሩልኝ አለችኝ። በበዓሉ አውቶቡስ ስለሌለ ሦስቱን ቀን ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ እሆናለሁ፣ ከዚያ አገሬ እገባለሁ አለች። ትምህርት ቤቱ ተቆልፏል፣ በረንዳው ደግሞ ነፋስ ነው። የጎረቤት ቤት ልላት አስቤ አፌን ዘጋሁ፤ በዚያ ቀን ሐዘንተኛ የሚያስገባ ማን አለና።

«እርስዎ ነዎት የነገሩኝ» አለች፣ እኔ የተቆጣሁ መስሏት። «ሐዘንተኛ ቤቱ ይቀመጣል። የእኔ ቤት ሩቅ ነው።»

የዝናብ ልብሱን ከምስማሩ አወረድኩት። አልዋሻችሁም፣ ሳትገባብን በመቅረቷ ተመስገን ብያለሁ በልቤ። ልብሱን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ እንዳልወረውረው ሰው ናት፣ እንዳልወስድላት ወጥቼ መመለሴ ነው። እኔም ባል የቀበርኩ ሴት ነኝ፣ የእኔ እግርም ለአዲስ ዓመት የሚሆን አይደለም። እንዲያ ቆሜ ሳለ ንጋን ከኋላዬ መጥታ ልጅቱ ምን ሆና ነው አለችኝ። ነገርኳት።

ንጋን ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ የአጥሩን በር ስታይ ቆየች።

«አምና ከሆስፒታል እንደወጣሁ እናቴ ቤት ሄጄ ነበር» አለች።

አውቃለሁ፣ እናትሽን ቤት አጥተሻት ተመለስሽ አልኳት። እንደዚያ ነበር የነገረችኝ።

«አላጣኋትም። የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ፅንስ የወረደባት ሴት ናት፣ ወሯ ሳይሞላ የሰው ቤት አትግባ አለች። እናቴ ከውስጥ ታለቅሳለች፣ እኔ ከውጭ። ውሃ እንኳን በአጥር ላይ ነው ያቀበሉኝ። ጠጥቼ ተመለስኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያስገቧት፣ እማዬ።»

«ልጁስ ባይተርፍ?» አልኳት። ያን ቃል ከአፌ ማውጣቴ ራሱ አስፈራኝ።

«ባይተርፍ አብረን እናለቅሳለን። ለብቻ ማልቀሱን አይቼዋለሁ።»

ይህን ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ልትወጣ ተነቃነቀች። ቁጭ በይ ብዬ ቀደምኳት። መንገድ ላይ በጓዳ በር ላስገባት ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ ተንኮል አያልቅብኝም። ግን ዕድል በጓዳ በር አይሸወድም። አጥሩ በር ደርሼ ስይዛት የማሪት እጅ በረዶ ሆኗል። አይሆንም፣ ሕፃኑ አለ እያለች ወደ ኋላ አለች። ልጄ፣ ደክሞኛል፣ ዝናብ ላይ ቆሜ የምከራከርበት አቅም የለኝም፣ ግቢ አልኳት። ያልኳት እውነቴን ነው፤ ፍርሃቱም፣ ዓመት ሙሉ ቡንን መጥላቱም፣ ሁሉም ደክሞኝ ነበር።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ እንደገና ገገመች። ቀድሜ ብገባ ይሻል ይሆን ብዬ ሳመነታ፣ ንጋን ከውስጥ እጇን ዘርግታ ሳበቻት። የማሪት እግር በጭቃው እንዳለ ወለላችን ላይ አረፈ። ሦስት ቀን የማይጠረግ ጭቃ።

ሽማግሌው ቱዌ ብዙም አልቆየ። አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ያበበ የኮክ ቅርንጫፍ ይዞ መጣ። ልዋሸው እችል ነበር። ግን የራሱም ቤት አለው፤ ሳያውቅ አስገብቼው እንዴት አድርጌ ዓይኑን አየዋለሁ? ደጃፉ ላይ ሆኜ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ወለሉ ላይ ያለውን ጭቃ አየ፣ ፎጣ ተጠቅልላ የተቀመጠችውንም ልጅ አየ።

«ሉየን፣ የልጅ ልጆች አሉብኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

አልተቆጣም። የኮኩን ቅርንጫፍ አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ለልጅቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ተመለሰ። መንገዱ ጥግ ሳይደርስ ወሬው መንደሩን እንደሚያዳርስ፣ ሦስቱንም ቀን ደጃችንን የሚረግጥ ሰው እንደማይኖር ገባኝ። ያ ሁሉ የጠቀለልኩት ሩዝ፣ ያ ሁሉ የዘለዘልኩት ሥጋ። ወንበሩ ላይ፣ ለሽማግሌው ባበስኩት ወንበር ላይ፣ ራሴው ቁጭ አልኩበትና ለአፍታ መነሳት አቃተኝ።

ንጋን ለማሪት ደረቅ ልብስ አለበሰቻት። ገበታው ሲቀርብ ልጅቱ ዛሬም «እማማ ሉየን ይብሉ» ብላ ጀመረች፣ ግን ለንጋን ሳትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ንጋን እጇን ያዘቻት። ማንም አልበላም።

ሰው ሲሞት ወገኖቹ መሠዊያ ላይ ምግብ አቅርበው ያበሉታል፣ በስሙ ይጠሩታል። የዚህች ልጅ አባት ግን ልጁን ፍለጋ እዚህ ድረስ ቢመጣ በበዓል ቀን በር ላይ የሚያስቀረው ብዙ ነው። የሰው ሙት በራስ መሠዊያ ላይ አይጠራም፣ እሱንም አውቃለሁ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ አልኩና ተነሳሁ። ስሙን ጠየቅኋት፤ አርኔ አለችኝ። ምን ይወድ ነበር አልኳት፤ ዓሣ አለች። የተጠበሰውን ዓሣ ከእነ ሳህኑ አንስቼ መሠዊያው ላይ አስቀመጥኩ፣ ሦስት እንጨት ዕጣን ለኮስኩ፣ ማሪትን በቀኜ፣ ንጋንን በግራዬ አቆምኩ።

በቅድሚያ ለራሳችን ሙታን ነገርኳቸው። እንግዳ አለባችሁ፣ ከሩቅ ነው የመጣው፣ ቋንቋችንን ስለማያውቅ ቀስ ብላችሁ አነጋግሩት፣ አረቄም አታብዙበት አልኳቸው። ማሪት እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ቀጥዬ ወደ እሱ ዞርኩ። ንጋን ሆዷን በሁለት እጇ እንደያዘች ታየኛለች።

«አርኔ» አልኩት፣ «ዘንድሮ ቤታችንን ቀድማችሁ የረገጣችሁ አንተና ልጅህ ናችሁ። ከእናንተ ሌላ የለንም። ልጅህን ከበር ላይ አስገብተንልሃል፤ አንተም ልጃችንን በሰላም አስገባልን።»