ግማሽ መድኃኒት

የወረርሽኙን አካሄድ የሚገምተውን ሞዴል የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ለቆላው የመጣው የሚጠጣ የኮሌራ ክትባት ለሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ አይበቃም። ታዲያ ግማሹን ሰው ሁለት ጊዜ እናጠጣ ወይስ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ? የበሽታውን አካሄድ ኮምፒውተሩ ላይ ደጋግሜ አስኬድሁት። ሁሉንም አንድ ጊዜ ማጠጣቱ በየሙከራው የታማሚውን ቁጥር ይበልጥ ቀነሰ። የሰሊጥ አጨዳ ደርሷል፤ ሳሉጎች የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከደጋ ወርደው ከእርሻ እርሻ ይዘዋወራሉ፤ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ሀፊር አብረው ይጠጣሉ። ምንም ያልተከተበ ካምፕ ከቀረ በሽታው ፈልጎ ያገኘዋል። ኃላፊዎቹ ሐሳቡን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው ማጠጣት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ አንድ ቡድን በሰሊጥ መጋዘን ጥላ ሥር ተቀምጦ ወደ ሽንፋ እርሻዎች የሚወስደውን ትራክተር ሲጠብቅ አገኘነው። አብረውኝ የመጡት ነርስ፣ ሲስተር ዓለምፀሐይ፣ የክትባቱን ሳጥን ከፈቱ። ማንም አልተነሳም።

የቡድኑ አለቃ ባዘዘው የሚባል ረጅም የጎጃም ሰው ነው። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አጋድሞታል።

«ሁለተኛውስ መቼ ነው?» አለኝ።

«ሁለተኛ የለም። አንድ ብቻ ነው።»

«ከዚህ በፊት የጠጡት ሰዎች ሁለቴ ነው የጠጡት።»

«አሁን አንዴ ነው።»

«እንግዲያ ግማሽ ነዋ!» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ግማሽ መድኃኒት አንወስድም። ማን እንዳስተማረን ታውቂያለሽ? እሳቸው ናቸው።» በአገጩ ሲስተርን አመለከተኝ።

እውነቱን ነው። ሲስተር ዓለምፀሐይ ብዙ ዓመት የሠሩት የካላዛር በሽተኞች ክፍል ውስጥ ነው። የጀመራችሁትን መድኃኒት ጨርሱ፣ ትኩሳቱ ቢለቃችሁም ጨርሱ ሲሉ ነው የኖሩት።

«እኔንማ መርፌዬን ሳልጨርስ ልጠፋ ስል ከባጃጅ ላይ ጎትተው ነው ያወረዱኝ!» አለ ጌች የሚባለው ቀልደኛ። «እንደ በግ!»

«በግማ ቢሆን ዝም ይል ነበር» አሉት ሲስተር። ሰዎቹ ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ትራክተሩ መምጣቱ ነው፤ እርሻው ውስጥ ከተበተኑ ደግሞ ዳግመኛ አንድ ላይ አናገኛቸውም። ላፕቶፔን ከፍቼ ባዘዘው ፊት አስቀመጥሁት። ቀዩ መስመር ይህን ብናደርግ፣ ሰማያዊው ያንን ብናደርግ እያልሁ ማስረዳት ጀመርሁ። በጨዋነት አዳመጠኝ።

«እነዚህ እኛ ነን?»

«አዎ።»

«እኔ የቱ ነኝ?»

«አንተ ለብቻህ አትታይም። ሞዴሉ ስንት ሰው እንደሚታመም ይገምታል እንጂ ማን እንደሚታመም አያውቅም።»

«ይኸን ጠጥቶም የሚታመም አለ ማለት ነው?»

ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኖራል» አልሁት። «ሁለት ቢሆን ይሻል ነበር። ግን የለንም። ለእናንተ ሁለት ሁለት ከሰጠን ከእናንተ ቀጥሎ ለሚመጣው ቡድን ምንም አይተርፍም። ውሃ የምትቀዱት ደግሞ ከአንድ ቦታ ነው።»

«ይኸስ እውነት ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

ባዘዘው የማጭዱን ጨርቅ እየፈታ መልሶ ይጠቀልል ጀመር። «ኪዳን የሚባል ወንድም ነበረኝ። ካላዛር ይዞት መርፌ ጀመረ። ትንሽ ሻል ሲለው፣ ሰሊጡ ሊረግፍ ነው ብሎ ሳይጨርስ ወጣ። ሲመልሱት አልቆለት ነበር። ሲስተር ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ» አሉ ሲስተር። «የተቀበልሁት እኔ ነኝ።»

መልስ ነበረኝ፤ ዝም ማለት ይሻል ይሆን ብዬም አላሰብሁም። «የኪዳን መድኃኒት የያዘውን በሽታ የሚገድል ነው። ሲቋረጥ በሽታው ያንሰራራል። ይኸኛው ግን በሽታው ሳይመጣ ሰውነት እንዲዘጋጅ ነው። አንዱም ብቻውን ይሠራል። ሁለተኛው ቢጨመር መከላከያው የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝመዋል።»

ባዘዘው የማጭዱን ጨርቅ አጥብቆ አሰረ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ጠጡ» አላቸው። «እኔን ግን ይለፈኝ።»

ልከራከረው አፌን ከፈትሁ። ሰዎቹ ግን መሰለፍ ጀምረው ነበር። ሞዴሉ ውስጥ እንቢ ለሚሉ ሰዎች የተተወ ቦታ አለ፤ ራሴ ነኝ ያስገባሁት። ያኔ ያሰብሁት ስለ ሰነፎችና ስለማይገባቸው ሰዎች ነበር። ስሌቱ ያለ ባዘዘውም ይሠራል። እንደሱ ያለውን ሰው ማስገደድ አያስፈልገኝም።

«እሺ» አልሁት፤ በውሃ የሚበጠበጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በብዛት ሰጠሁት። «ተቅማጥ ያጣደፈው ሰው ካለ ይኸን እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ትራክተር አትጠብቁ።»

ትራክተሩ መጣ። ተሳቢው ላይ ሌላ ቡድን ተጭኗል። ባለትራክተሩ ኡመይር ከላይ ሆኖ «ያላ! ያላ! ፀሐዩ ሳይበረታ!» እያለ ይጮኻል። ጌች ጠጥቶ ፊቱን እያጨማደደ ነው።

«የከረመ ዓሣ ዓሣ ነው የሚለው» አለ። «ብቻ ይወርዳል።»

«ምንድን ነው የሚያጠጧችሁ?» ሲል ከተሳቢው ላይ አንድ ጎልማሳ ባዘዘውን ጠየቀው። ባዘዘው አለቃ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«የኮሌራ ነው። አንድ አንድ ነው፤ ለሁሉም እንዲዳረስ። ውረዱና ተሰለፉ።»

«አንተ ጠጣህ?»

ቢዋሽ ማናችንም አናጋልጠውም ነበር። ሰውየው መልስ ሳያገኝ እንደማይወርድም ያስታውቃል።

«ገና ነኝ» አለ ባዘዘው።

ማጭዱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። አዲሶቹ ወርደው ከኋላው ተሰለፉ። ከፊቱ የተሰለፉት የራሱ ሰዎች መኖሩን ለማረጋገጥ ዞር ዞር እያሉ ያዩታል። ተራው ሲደርስ ሲስተር የብልቃጧን ጫፍ ጠምዝዘው ከፈቱለት።

«ሲስተር፣ ሙሉ ነው በሉኝ።»

ሲስተር ወደ እኔ አዩ። ሙሉ ነው ማለት ቀላል ነበር።

«ለዘንድሮ አጨዳ ይበቃሃል» አልሁት። «ለከርሞ ግን አልምልልህም።»

«ከርሞን ማን አየው?» አለና አፉ ውስጥ ገለበጠው። ከንፈሩን ገጥሞ ጥቂት ቆመ። ሊተፋው ነው ብዬ ነበር። ዋጠው።