የኢፖሊት ላቭሮቪች ብርጭቆ

በቮልጋ ዳር ባለችው ከተማችን አንድ የሙዚቃ ደራሲ ከልብ እንዲወደድ መሞት አለበት። ኢፖሊት ላቭሮቪች ግን ግትር ነበር፤ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞላው። መንገድ በስሙ ተሰይሟል፣ ሐውልቱም አደባባይ ላይ ቆሟል። እሱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በሐውልቱ አጠገብ ያልፍና ራሱ ላይ የሰፈሩትን ርግቦች "እሽ!" ይላቸዋል።

የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሟች ሚስቱ የደረሰውን ኳርቴት፣ ለአራት ባለ አውታር መሣሪያ የተጻፈ ሙዚቃ፣ አንዴ ሰምቶ መሞት። እኛ ግን በየበዓሉ የምንጫወትለት ለትራክተር ፋብሪካው የደረሰውን የሰልፍ ዜማ፣ ማርሹን ነው፤ እሱ ደግሞ ማርሹን ሲሰማ ያንገሸግሸዋል።

"ሮድዮን ዛሃሮቪች፣ ኳርቴቴስ?" ይለዋል የኦርኬስትራችንን ዳይሬክተር።

"አይቸኩሉ እንጂ! እሱን እኮ ለመታሰቢያዎ ነው ያስቀመጥነው።"

"ያኔ በማን ጆሮ ልሰማው ነው?"

"እርስዎ ደግሞ ቀልድ አያልቅብዎትም!"

በመጋቢት እህቱ ዚናይዳ ጥቁር ሻሽ አስራ መጣች። ወንድሜ ገጠር ሄዶ እዚያው አረፈ፣ እዚያው ቀበርነው አለችን። ዳይሬክተሩ እንባውን እየጠረገ ፊቱ በራ። በሳምንቱ ኳርቴቱን ተጫወትን። ቼሎው የእኔ ነበር። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ይህን ሁሉ ዘመን አቧራ ሲጠጣ መኖሩ አንገበገበኝ።

ከዚያ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለተዝካሩ ተቀመጥን። ብሊኒ የሚባለው ስስ ቂጣ ቀረበ፣ ቮድካ ተቀዳ፤ እንደ ደንቡ ለሟቹም አንድ ሙሉ ብርጭቆ ጥቁር ዳቦ ተከድኖበት ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ "ምነው ዛሬን ቢሰማ ኖሮ!" ብሎ ሲንሰቀሰቅ በሩ ተከፈተ። ኢፖሊት ላቭሮቪች ተደብቆ ሲያዳምጥ ከዋለበት ሰገነት ወርዶ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። ዳቦውን አንስቶ ብርጭቆውን ጨለጠው።

"አንደኛው ቫዮሊን ቸኩሏል" አለ። "ሌላው ግን... እሷን ራሷን ነው የሰማሁት።"

"እርስዎ አልሞቱም እንዴ?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ይቅርታ፣ ሳልሰማው መሞት አቃተኝ።"

"ከሞስኮ የሐዘን ቴሌግራም መጥቶልናል እኮ! አሁን ምን ብዬ ልመልስ?"

በቀጣዩ ዓመት፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ የእውነት ሞተ። ኳርቴቱን እንጫወትለት ስንል ዳይሬክተሩ "ለሞቱ አንዴ ተጫውተናል፣ ይበቃል" ብሎ ማርሹን አዘዘ። ተጫወትነው።

በተዝካሩ ብርጭቆው ሞልቶ፣ ዳቦው ተከድኖበት ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ሳይቀር ሁላችንም እስኪመሽ በሩን በሩን ስናይ ቆየን።