ሁለተኛዋ ሐኪም ጋ

ይገረም አንዋር መስጊድ ጀርባ የመጋረጃ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ወገቡን ኦፕራሲዮን ሊሆን ቀን ተቆርጦለት ነበር። ልጁ ሠርኬ፣ "አባዬ፣ ከዚያ በፊት ሌላ ሐኪም ይይህ" ብላ ለመነችው። እሱ ግን ሱቁ በገዢና በጎረቤት ነጋዴ በተሞላበት ሰዓት፣ "ስምንተኛ ክፍል ወድቀሽ የቀረሽ፣ አንቺ ከዶክተር ልትበልጪ ነው?" ብሎ ጮኸባት። ጎረቤቶቹ ሳቁ። ሠርኬ ስትለካው የነበረውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን ንዝነዛዋን ለመገላገል ያህል አብሯት ወደ ሌላ ሐኪም ሄደ። ሐኪሟ ቀደም ሲል የተነሣውን የወገብ ኤምአርአይ ካየች በኋላ አስተኝታው እግሩን ወደ ውስጥ ስታዞረው ይገረም በሕመም ጮኸ።

"ሕመሙ ከወገብዎ ሳይሆን ከዳሌዎ መገጣጠሚያ ነው" አለችው። "ወገብዎን ኦፕራሲዮን ቢሆኑም ሕመሙ አይተውዎትም ነበር። በፊዚዮቴራፒ እንጀምር። ለመሆኑ እንዲታዩ የመከረዎት ማን ነው?"

ሠርኬ አጠገቡ ቆማለች። ይገረም "ልጄ ናት" ለማለት አፉ አልታዘዝለት ብሎ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

 ሱቁ ሲደርሱ እነዚያው ጎረቤቶች "ምን አሉህ?" እያሉ ከበቡት። ፊቱ ጋለ።

"በእናንተ ፊት ነው ያዋረድኳት፤ በእናንተ ፊት ልናገር" አለ። "እሷ ባትጎትተኝ ኖሮ ደህናውን ወገቤን አስቀድደው ነበር። ሠርኬ፣ ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ አባዬ" አለችው።

ከልቧ ነበር። ይገረም ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ቀን ዓይኗን ማየት ያሳፍረው ነበር።