የምስር ወጥ ፉከራ

ይህ ታሪክ ፍጹም እውነት ነው። ዓለምነው ራሱ «አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» ብሎ ምሎበታል። አባቱ ደብረ ታቦር ውስጥ በሕይወት አሉ፤ ባለፈው ሰሞንም ስልክ ደውለው ስለ በሬያቸው አጫውተውታል። መሐላ ግን መሐላ ነው፤ አጥንቱ ለጊዜው ሥጋ ቢለብስም ቦታውን አልለቀቀም።

ዓለምነው ሪያድ፣ ዑለያ በሚባለው ሰፈር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሹፌር ነው። «ሹፌር» የሚለውን ቃል እሱ አይወደውም። የሪያድ የትራፊክ መብራት እሱ ሳያልፍ ቀይ አይበራም፤ እንዲህ ላለ ሰው ሌላ ስም ሊወጣለት ይገባ ነበር። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፣ ትዳር የለውም። ትዳር ያልያዘው ከአማራጭ ብዛት እንደሆነ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ባጥሐ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ያልሰማ ከተገኘም ቁጭ አድርጎ ይነግረዋል። ይህን የሚያህል ሰው ነው እንግዲህ ሆስፒታል ጽዳት የምትሠራውን ባዩሽን አይቶ በዚያው የቀረው።

ባዩሽ ኮምቦልቻ እናቷ ጋ የምታድግ ሴት ልጅ አለቻት። ኮንትራቷን ስትጨርስ አገሯ ገብታ ልጇን ይዛ ነው የምትኖረው፣ የሚያገባትም ሰው አብሮ ነው የሚገባው። ስለዚህ ዓለምነው አሳቡን ሲገልጽላት የጠየቀችው ስለ ሀብቱ አልነበረም። «ልጅ ትችላለህ ወይ? ጯሂ ሰው አልፈልግም፣ የልጄ አባት ጩኸት ለዕድሜዬ ይበቃኛል» አለችው። እሱ መልስ ሲጀምር ደግሞ መልሱ እንደሚረዝም ገብቷት «ላስብበት» ብላ ሄደች።

ዓለምነው ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም፤ ትንሹ ሁለት ነው። አንደኛው ጋሽ ካሳሁን ናቸው፤ የጋራዥ ዘበኛ ሲሆኑ ጢማቸው ብቻውን አገር ያስታርቃል። ሁለተኛው ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የሚሠራው ዘላለም ነበር። እሱን ግን በዚያች ዓርብ ለትርፍ ሰዓት ጠሩትና ቀረ። ይህ የታወቀው በላይነሽ የምትኖርበት ሕንፃ ሥር መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። በላይነሽ የባዩሽ የአክስት ልጅ ናት፤ እዚህ አገር ያለቻት የሥጋ ዘመድ እሷ ብቻ ስለሆነች አባትም እናትም ሆና የምትጠየቀው እሷ ናት።

«ብቻዬን አልገባም» አሉ ጋሽ ካሳሁን ቀበቷቸውን ሳይፈቱ። «ለራሴ የመጣሁ ይመስላቸዋል።»

ዓለምነው ትንሽ አሰበ። «እኔ እሞላለሁ።»

«ሙሽራው?»

«ሙሽራ ሆኜ መች እገባለሁ ጋሼ። ሽማግሌ ሆኜ ነው» አለና ኮቱን ከወንበሩ ጀርባ አንስቶ ለበሰ።

ከኋላ ሩቂያ ተቀምጣለች። ሩቂያ የወረባቦ ልጅ ናት፣ ዓለምነው በሚሠራበት ቤት ልጆቹን የምትይዝ። ስለ ጠባዩ የሚመሰክር ሰው ቢጠየቅ ብሎ ማዳሟን አስፈቅዶ ያመጣት እሱ ነው። ይህች ሴት በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም፤ ዓለምነውም ይህን ለጉዳዩ የሚጠቅም ነገር አድርጎ ቆጥሮት ነበር።

«የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ እህቴ» አላት።

«እሺ» አለች።

ወደ ላይ ወጡ። በላይነሽ በሩን ከፍታ ኮት ለብሶ በእርጋታ የቆመውን ዓለምነውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ጋሽ ካሳሁን በወጉ መሠረት «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሊፍቱ ስለማይሠራ የወጡት በደረጃ ነው፤ ጉልበታቸው ወጉን ብዙ አላስከበረውም። «ቁጭ ብላችሁም ይሰማል» ስትላቸው ተቀመጡ።

ዓርብ ስለሆነ የቀረበው የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ባዩሽ ኩሽናው በር ላይ በርጩማ ስባ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«እኚህ ሁለተኛው ሽማግሌ ማን ይባላሉ?» አለች በላይነሽ። ዓለምነው በመኪናው እንኳን እሷን ፍሪጇንም አመላልሶላታል።

«የኔ ስም ይቆየን» አለ ዓለምነው። «የልጁ የቅርብ ሰው ነኝ።»

«ምን ያህል ቅርብ?»

«አንድ ጫማ ነው የምናደርገው።»

በላይነሽ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ ልጅ ይችላል?»

ጋሽ ካሳሁን ጢማቸውን ይዘው መልስ ሳይጀምሩ ሁለተኛው ሽማግሌ ተቀበላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምነው የሚሠራበት ቤት ጆሪ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለች። ይህች ልጅ አንድ ቀን ተነስታ እህል አልቀምስም አለች። አንድ ሳምንት ሄደ፣ ወር ሄደ፤ ልጅቷ ከመቅጠኗ የተነሳ ከመጋረጃው ኋላ ስትቆም መጋረጃው አይነሳም። ሐኪም በሐኪም ላይ ተደረበ፤ አንዱማ በራሱ አውሮፕላን ነው የመጣው፣ ማረፊያ አጥቶ ጣሪያው ላይ አረፈ። አያትየው፣ በዘመናቸው ለማንም አልቅሰው የማያውቁ ሰውዬ፣ ምንጣፍ ነክሰው አለቀሱ።

«ይሄንስ አልሰማሁም ነበር» አሉ ጋሽ ካሳሁን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት። ይመስክሩ እንጂ አይደነቁ።»

ያኔ ነው ልጃችን ዓለምነው «ያላ፣ ለኔ ተዉልኝ» ያለው። ልጅቷን ከኋላ ወንበር አስቀመጣት፣ ሽሮ፣ ጨጨብሳና ምስር በምሳ ዕቃ ሞልቶ አጠገቧ አደረገ፣ መኪናውን አስነሳ፣ ሕፃን በሚባበልበት ዜማ ቀስ አድርጎ ጀመረ፤

*ተኚ ሽሮዬ፣ ተኚ በሸክላ፣*
*እስኪቀሰቅስሽ እንጀራ ከኋላ።*

ልጅቷ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ልጃችን ይህን በመስታወት አየና ዜማውን ወደ ሰርግ አዞረው፤

*ጨጨብሳ ሙሽራ፣ በቅቤ ተውባ፣*
*ማርን ሚዜ አርጋ አፌ ውስጥ ልትገባ።*

እዚህ ላይ አፏ ተከፈተ። የዑለያ መንገድ ቆመ። ከፎቆቹ ላይ መስኮት የሚያጥቡ ሠራተኞች ገመዳቸውን ይዘው አጨበጨቡ፤ ጎን ለጎን የቆመው መኪና ሁሉ መስኮቱን አወረደ፣ ልጅ የጫነ ሁሉ ልጁን ወደዚህ ዘፈን አስጠጋ፤ በዚያች ቀን በሪያድ ከተማ የተረፈ ምሳ የለም።

«በምን ቋንቋ ገባት?» አለች በላይነሽ።

«ረኃብ ቋንቋ አለው እንዴ እህቴ?»

በላይነሽ ጎመኑን ወደ ጋሽ ካሳሁን ጠጋ አደረገችላቸው። እሳቸው በታሪኩ መሀል መጉረስ ነውር መስሏቸው እጃቸውን ሰብስበው ቆይተው ነበር፤ አሁን ግን ታሪኩ ቶሎ እንደማያልቅ ስለተረዱ ጀመሩ።

የቀረው ምስሩ ነበር። ምስር በርበሬ አለው፣ ልጅ ይፈራዋል፤ ለዚህ የሚሆነው ፉከራ ብቻ ነው። ዓለምነው ከቀረበው ገበታ ላይ የእንጨት ማንኪያ አንስቶ ብድግ አለ። ባዩሽ ጩኸት እንደማትወድ ስለሚያውቅ ግን የፎከረው በሹክሹክታ ነው። ግንባሩ ላይ ሥሩ ተገታትሯል፣ ማንኪያው ጣሪያ ነክቷል፣ ድምፁ ግን ከፍሪጁ ድምፅ አይበልጥም፤

*ዘራፍ ምስር ወጥ፣ ያ በርበሬ ለባሽ፣*
*የእንጀራን ሠራዊት ብቻውን ደምሳሽ።*

ባዩሽ አንገቷን እንደደፋች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ማልቀሷ ይሁን መሳቋ አልታወቀም፤ ዓለምነው ግን ማልቀስ ብሎ መዘገበው።

«ልጅቷ ምሳ ዕቃውን ጨርሳ ክዳኑን ላሰች» ብሎ ተቀመጠ። «አያትየው ግንባሩን ሳሙት። ‹ኸላስ፣ የዚህ ሰው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በየዓመቱ መታደሱ ቀርቶ ለዘላለም ይሁን› አሉ። ልጃችን እምቢ አለ። ‹እኔ ለምስጋና ብዬ አላደረግሁትም፣ ልጅ ስለምወድ ነው› አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ ስለ ራሱ ማውራት አይወድም።»

ጋሽ ካሳሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ እንደሰማችሁት ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ባዩሽ ቀና አለች። ከገቡ ጀምሮ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሩቂያ እህቴ፣ አንቺ እዚያ ቤት ነሽ። እንዲህ ነበር?»

ሩቂያ የሻይ ብርጭቆዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች።

«ወላሂ፣ ጆሪ እንኳ ድሮም ትበላለች» አለች ቀስ ብላ። «እንዲያውም ማዳም ቀንሺላት ነው የምትለኝ።»

ዓለምነው «ልጃችን» ብሎ ጀምሮ ተወው።

«ዘፈኖቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ሩቂያ። «ሽንኩርት ስልጥ ሥራው እንዲቀለኝ። ልጅቷ ከኔ ሰምታ ለመደችው።»

«መኪናውስ? መንገዱስ?» አለች በላይነሽ።

«እሱን አላውቅም። ጆሪ መኪና ውስጥ ትተኛለች።» ሩቂያ ወደ ባዩሽ ዞረች። «ያልበላው እሱ ነው። አንቺ ‹ላስብበት› ካልሽው ወዲህ ምሳውን እንደወሰደው ይመልሰው ጀመር። ልጅቷ አየችውና አሳዘናት። በየቀኑ ደረጃው ላይ አጠገቡ ቁጭ ትልና ሩዙን በትንንሽ እጇ እያጎረሰች ትዘፍንለታለች። ትኮላተፋለች እንጂ ግጥሙን አትስትም።»

«ይጮህባታል?» አለች ባዩሽ።

«የለም። ዝም ብሎ ይጎርሳል» አለች ሩቂያ። «ካልዘፈነችለት ግን አፉን አይከፍትም።»