ከልክ በታች

«እዚህኛው ውስጥስ ምን አለ?» አለ ሚዛን ጠጋኙ፣ ድስቱን ከጎረቤቲቱ እጅ ሳይቀበል።

«ምስር ነው፣ ወንድሜ። ምስርና ሽንኩርት ብቻ።»

«ዘይቱ የምንድነው?»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አማቱን አየች። ለሐዘንተኛ ምግብ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ሲፈተሽ አይታ አታውቅም። ሚዛን ጠጋኙ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ራሱ እህል መቅመሱ ያጠራጥራል፤ የሰው ድስት ግን አንድም ሳያሸት አላሳለፈም።

«ሐዘኑ ናላውን አዙሮታል» ተንሾካሾከች አንዷ ለቀስተኛ።

«እሱስ ባዞረው! የጓዳ ዘበኛ አደረገው እንጂ» አለች ሌላዋ።

ሰምቷቸዋል፤ ግን ጉዳዩ አልነበሩም። ጉዳዩ አንዲት ልጁ ናት። የእናቷን ዓይንና ሳቅ ወርሳለች፤ ኦቾሎኒ የማይስማማውን ሰውነቷንም ጭምር። እስካሁን ኦቾሎኒ ሲነካት ጉንጯ ላይ ሽፍታ ወጥቶ ወዲያው ይከስማል። ሌላ አባት ቢሆን በዚህ ይጽናና ነበር። እሱን እንቅልፍ የነሳው ግን ይኸው ነው፤ የእናቷም ትንሽ ነበር።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ነበረች፣ ጨዋታ አዋቂ። ኦቾሎኒ ከንፈሯን ሲያሳብጠው «ሊፕስቲክ ለምኔ!» እያለች ደንበኞቿን በሳቅ ታፈርስ ነበር። እርም በይ ቢሏት እሺ አትልም። በተጋቡ ሰሞን ወደ ሱቁ ጎራ ብላ፣ «የሰውን ሁሉ ሚዛን ታስተካክላለህ፤ የእኔን ልክ ለምን አታወጣልኝም?» አለችው። አወጣላት። በወርቅ ሚዛን ፍሬ በፍሬ እየመዘነ፣ ይህን ያህል ከሆነ ማሳከክ ብቻ፣ ከዚህ ካለፈ እብጠት እያለ ወሰን አበጀላት። ከዚያ በኋላ ግብዣ ላይ ሰው ሲሰጋላት «ግድ የለም፣ ልኳን ታውቃለች» ይል ነበር በኩራት። ሚዛን ዛሬ የመዘነውን ነገም ያንኑ ይመዝናል፤ አልመዝንም ካለም እሱ ያስተካክለዋል። ሰውም እንደዚያው መስሎት ነበር።

በመጨረሻዋ ቀን ጉንፋን ይዟት፣ ስትሠራ ቆማ ውላ፣ ከጓደኛዋ ኦቾሎኒ ያለበት ኬክ ቆርሳ ቀመሰችና ደወለችለት።

«ደረቴን ጨነቀኝ።»

«ምን ያህል በላሽ?»

«ጫፉን ብቻ።»

«ታዲያ ከልክሽ በታች ነው፣ አይዞሽ። ጋደም ብለሽ ጠብቂኝ።»

ሱቁን ዘግቶ ሲደርስ አልጠበቀችውም።

«ያለፈው ጊዜ ለሚቀጥለው ዋስ አይሆንም» አለው ሐኪሙ በኋላ። «ጉንፋንም ድካምም ያባብሰዋል። አንዳንዴ ደግሞ ለምን እንደከፋ እኛም አናውቅም።» ኦቾሎኒ ነክቷት ካሳላት ወይም ካፈናት ሳይውል ሳያድር ጭኗ ላይ የሚወጋት እስክሪብቶ የመሰለ መርፌም ሰጠው። ከዚያ ወዲህ መርፌው ከደረት ኪሱ ወጥቶ አያውቅም።

«አባዬ፣ አፌን በላኝ።»

ዞር ሲል ልጁ ከአያቷ አጠገብ ግማሽ ብስኩት ይዛ ቆማለች። እሱ በሩን ሲጠብቅ ብስኩቱ በአማቱ ቦርሳ ገብቶ ኖሯል።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አሉ አማቱ። «የሱቅ ብስኩት እኮ ነው! አንተ ይህንንም አትብላ ያንንም አትብላ ስትል ልጅቷን ራብ ሊገድላት ነው።»

ነጥቆ አሸተተው። ኦቾሎኒ ነው። የልጅቷ ጉንጭ ቀላ፣ ሽፍታው ወጣ። ከዚያ ሳለች።

«ውሃ ስጧት!» አለ አንዱ።

«ባለፈውም እንዲህ ሆና ነው የተዋት» አለች ጎረቤቲቱ።

መርፌውን ሲያወጣ አማቱ ክንዱን ያዙት። «ልጄ፣ እባክህ ትንሽ እንይ። ይሄ ቀላሉ ነው። ልጄን ቀብሬ ሳልጨርስ ደግሞ ይቺን ስታስጮህ አታሳየኝ።»

በከንቱ ቢወጋትስ? ልጅቷ እንደገና ሳለች።

«ቀላል ይሁን ከባድ አላውቅም፣ እማማ» አለ። «እርስዎም አያውቁም።» ጭኗ ላይ ወጋት። ጩኸቷ ቤቱን ሞላው።

በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት አደረሷት። ነርሷ ደረቷን አዳምጣ፣ «ደግ አደረግህ» አለችው። «ደረቷ መጥበብ ጀምሮ ነበር። ሊያገረሽ ስለሚችል ግን እዚሁ ትቆያለች።» አማቱ ኮሪደሩ ላይ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ተቀመጡ፤ ቀና ብለው ሊያዩት አልደፈሩም።

ልጅቷ አልጋው ላይ ሆና የተወጋችበትን ጭኗን ገለጠችለት። «እማዬ እኮ መርፌ ስወጋ እፍ ትልልኝ ነበር።»

«እንዴት አድርጋ?»

«እፍ ነዋ! ቀስ ብላ።»

ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን አሾለ። ከቀብሩ ወዲህ እምቢ ያለው እንባ ያኔ መጣና ትንፋሹን ቆራረጠበት።

«እንደሱ አይደለም» አለችው ልጅቷ።

አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና እንደገና ጎንበስ አለ። ቀስ ብሎ እፍ አለላት።