የይዘንጋሽ ተራ

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይሉ የለ? ይሁን፤ በገል መብላቱንስ ለምጄዋለሁ። የጽዋው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሞላሌ ዙሪያ ድስቱም፣ እንስራውም፣ ጋኑም የሚወጣው ከኔ ከይዘንጋሽ እጅ ነው። የሚካኤል ማኅበርተኞች በየወሩ በተራ እየደገሱ የሚጠጡበትን ጽዋም የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀምሼበት ግን አላውቅም። «ቡዳ ናት፤ ከንፈሯ የነካውን የጠጣ አይተርፍም» ይላሉ። እነሱ ከቤት ተቀምጠው ሲጠጡ ለኔ ደጅ በጣሳ ይቀዳልኛል። የቀበሌው ሊቀመንበር በየስብሰባው ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል፤ እሱም ቢሆን ከቤቴ ውኃ አይጠጣም።

ያን ዓመት ታዲያ መምህር መርስዔ ኃዘን የሚባሉ ሰባኪ ከደብረ ብርሃን መጡ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ሰበኩ። ነጮቹ በቤተ ክርስቲያን እንኳ ለብቻ ያስቀምጧቸው፣ ከአንድ ቧንቧ አብረዋቸው አይጠጡም ነበር አሉ። ሰባኪዎቻቸው ግን፣ ሃይማኖታቸው ከኛ ቢለይም፣ መጽሐፍ ገልጠው ተነሡ። «ሙሴን የላከ አምላክ የኛንም ለቅሶ ሰምቷል» እያሉ ሕዝቡን አስከትለው አደባባይ ወጡ፤ ታሰሩ፣ ተደበደቡ፣ ወደ ኋላ አላሉም።

መምህሩ «አዳም ከጭቃ ነው! ጭቃ በጭቃ ላይ ምን ያኮራዋል?» ሲሉ ሴቱ እልልታውን አቀለጠው። የወሩ ማኅበር ደጋሽ ጥሩሸዋ ነጠላዋ እስኪርስ አለቀሰች። «ወይኔ፣ እነዚያ ምስኪኖች!» ትላለች። እኔ ከኋላ፣ ካጥሩ ሥር ለብቻዬ ቆሜ አያታለሁ። ደሜ ፈላ።

ሰው ሲበተን መምህሩን መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው።

«አባቴ፣ አሜሪካ ሩቅ ነው። እስቲ እኔን ማኅበር ያስገቡኝ።»

«ልክ ነሽ ልጄ። አሳፈርሽኝ» አሉኝ።

የሚካኤል ዕለት እጄን ይዘው ጥሩሸዋ ቤት አስገቡኝ፤ ካጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጽዋው ዞሮ ዞሮ ደረሰኝ። ጠጣሁ። ከእጄ ተቀብለው እሳቸውም ጠጡ። ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ተያየ። መምህሩም «የሚመጣው ወር ተራ የይዘንጋሽ ነው» አሉ። ጽዋውን ተረኛ ነው ይዞ የሚሄደው፤ ጥሩሸዋ ግን «አጥቤ ነገ አመጣልሻለሁ» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ደስታዬን ለማን ልንገረው! የጠላ ገብሴን ለይቼ አስቀመጥኩ።

በማግሥቱ ጭቃዬን ሳቦካ ጥሩሸዋ ባዶ እጇን መጣች።

«ይዘንጋሽ፣ ጽዋው ተሰበረ። ሌላ ሥሪልን።»

«ምን ነክቶት?»

ዓይኗን መሬት ተከለች። «ምን ላድርግ፣ ልጆች አሉኝ። ማኅበርተኛው አንቺ ከነካሽው ጽዋ ከምንጠጣ እንበተናለን አለ። መምህሩንም ብንጠይቃቸው ‹የደካሞች ኅሊና ከሚሰናከል ይሰበር፤ ጳውሎስም ለደካማው እዘኑለት ብሏል። ለእሷ ግን አትንገሯት› አሉን።»

ኧረ እግዜር ይይላቸው! ለደካማው ታዘነለት፤ ለኔስ? እንባዬ መጣ፤ ፊቷ ላለማልቀስ ጥርሴን ነከስኩ። እስከ ክርኔ ጭቃ የሆነ እጄን ዘረጋሁላት።

«እሠራላችኋለሁ። ግን ይህ እጅ ያልነካው ሸክላ ከየት ላምጣላችሁ? እሱንም መምህሩን ጠይቂልኝ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

እኔ እልኸኛ ነኝ። በወሩ ቤቴን ለቅልቄ፣ ሣር ጎዝጉዤ፣ ዳቦዬን ደፍቼ፣ ጠላዬን አጥልዬ በር በሬን ሳይ ዋልኩ። ማኅበርተኛው በደጄ አልፎ ጥሩሸዋ ቤት ገባ። ከመሐል ሜዳ ገበያ በተገዛ የፕላስቲክ ጆግ ጠጡ አሉ። መምህሩም ስለ አሜሪካ ሰበኩላቸው፤ ሴቱም አለቀሰ አሉ።

ተራው የኔ ነበር።