የአቶ ሣህሉ ማረፍ

ድሬዳዋ ውስጥ «አንተ» መባል ማንንም አያስቀይምም። ሻምበል ይሁን ሼህ፣ ሽማግሌ ይሁን ሙሽራ፣ ሁሉም «አንተ» ነው። ሣህሉ እዚሁ ተወልዶ አምሳ ስምንት ዓመት «አንተ» ሲባል ኖሯል፤ ከአንድ ሰው አፍ ሲወጣ ካልሆነ በቀር ቅር ብሎት አያውቅም።

ያ ሰው ገብረወልድ ነው። ከሸዋ የመጣ፣ በአይሮፕላን ማረፊያው ኃላፊነት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ፣ አንደበቱ በሎሚ የታጠበ ሰው። ለሹፌሩ «እርስዎ»፣ ለዘበኛው «እርስዎ»። አንድ ቀን ማኮብኮቢያው ላይ የገባች አህያ ሲያባርር እንኳ «ወዲያ ይበሉ» ሲላት የሰሙ አሉ። ሣህሉን ብቻ «አንተ» ይለዋል።

ነገሩ የጀመረው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሁለት ሠራተኞች አዲስ አበባ ተልከው የአይሮፕላን መካኒክ ረዳትነት ይማራሉ ሲባል፣ ያኔ ሻንጣ ይጭን የነበረው ሣህሉ ማመልከቻ ጻፈ። ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሦስት ቀን ለፍቶበታል። ገብረወልድ ወረቀቱን ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የፊደሉን ስህተት አንድ በአንድ እየጠራ አነበበው። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ «አንተ ምን ትምህርት ያስፈልግሃል? አብራሪ ነህ እኮ፤ ሻንጣ አብራሪ!» አለው። የተማረ ሰው ሲሰድብህ እንኳ አሳምሮ ነው። የሠራተኛው ሳቅ ለሳምንት አልበረደም፤ ስሙ ግን ለዕድሜ ልክ ሆነ። አብዮቱ መጥቶ ሰው ሁሉ «ጓድ» ሲባባል ሣህሉ፣ አሁንስ ተገላገልኩ ብሎ ነበር። ገብረወልድ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ጓድ ሻንጣ አብራሪ፣ እስቲ ወንበር አምጣ» አለው።

ሁለቱም ጡረታ ወጡ። ገብረወልድ የሰፈሩ እድር ዳኛ ሆነ፤ ቤቱ ከሣህሉ ሦስት በር አልፎ ነው። ሣህሉ በየቀኑ ሲያልፍ ኮፍያውን አንስቶ «እንደምን ዋሉ» ይላል። «ደህና፤ አንተስ?» ይመለስለታል። ይህች «አንተስ» ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ አሸዋ ጥርሱ መሀል ቀርታለች። ከዚያ ሰው አፍ አንዲት «እርስዎ» ብትወጣለት፣ ከዚህ ዓለም ሌላ የሚጠይቀው አልነበረውም።

በ1979 ዓ.ም. ግድም ሉል የምትባል፣ ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅ የምታመላልስ የመጋላ ገበያ ነጋዴ፣ ከዕቃዋ መሀል አንድ ጥቁር ነገር ይዛ መጣች። ስፋቱ የደብተር ያህል፣ ቁልፎቹ እንደ ላጲስ የለሰለሱ። የጉምሩክ ፊናንሶቹ ያሳለፉት ምን ብለው እንደሚወርሱት ቢቸግራቸው ነው አሉ።

«ኮምፒዩተር ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሆን» አለች ሉል።

«የታይፕ ጫጩት ትመስላለች» ብሎ ሳቀባት ሰው። ስድስት ወር የሚገዛ ጠፋ።

ሣህሉን የያዘው ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ አብሮት የመጣው ካሴት ነው። ሽፋኑ ላይ ከአብራሪው መቀመጫ ሆኖ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲታይ የሚያሳይ ሥዕል ነበረ። ሣህሉ ሃያ ስምንት ዓመት አይሮፕላንን የሚያውቀው ከሆዱ በኩል፣ ሻንጣ ከሚገባበት ነው። ያን መስኮት ከውስጥ አይቶት አያውቅም። ባለ ሦስት ባንድ ሬዲዮውን ሰጥቶ ወሰደው።

መመሪያው ፈረንሳይኛ ነበር። ኢስማዒል የሚባል የምድር ባቡር ጡረተኛ በሁለት ቅዳሜ ጫት ተረጎመለት። ጥቁሩ ነገር ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል፤ ካሴቱ በቴፕ ይከፈታል። ከዚያ ቴፑ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል። ጩኸቱ ሲያበቃ ታች ሰዓት የሚመስሉ ክቦች፣ ላይ ሰማይና ምድርን የሚለይ አንድ መስመር ይወጣል። ለሌላ ሰው መስመርና ነጥብ ነው። ሣህሉ ግን ወንበሩን ያስተካክላል፣ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ይነሳል።

መነሳቱንስ በሳምንቱ ቻለበት። እምቢ ያለው ማረፉ ነው።

«ዛሬስ የት ወደቅህ?» ትለዋለች ሚስቱ የሺአረግ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

«ሐይቅ ውስጥ።»

«ልብስህ ግን አልረጠበም።»

«አትቀልጂ፣ ንፋስ ነበረ።»

«ንፋሱንማ እኔም አየሁት፤ የሽንኩርቱን ልጣጭ በታተነብኝ። ስማ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን በደህና ካረፍክልኝ ቢራ የምገዛልህ እኔ ነኝ።»

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ተራራ ገጨ፣ ሐይቅ ገባ፣ ከማኮብኮቢያው አልፎ ሜዳ ላይ ተፈጠፈጠ። በወረደ ቁጥር ጆሮው ላይ የሚሰማው የገብረወልድ ሳቅ ነው፤ ጣቱ ሌላ ቁልፍ ይነካና ይበላሻል።

አንድ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው አሸዋ እንደ ምጣድ ሲግል፣ ሣህሉ ምስሉ እንዲታይ መስኮቱን ዘግቶ ተቀምጧል። የሺአረግ ከኋላው ቆማለች። የሞተሩን ጉልበት ቀነሰ፤ ጎማውን አወረደ። ሁለቱ የማኮብኮቢያ መስመሮች እየሰፉ መጡ። ሳቁ ሊመጣ ሲል «ዝም!» አለ ጮክ ብሎ። የሺአረግ እሷን ያለ መስሏት አፏን ያዘች። አፍንጫውን ትንሽ ቀና አደረገ። ጎማው መሬት ነካ። ፍጥነቱ ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ አሥር፣ ከዚያ ዜሮ። አይሮፕላኑ እንደ ሰው አይሮፕላን ቆመ።

የሺአረግ ዘልላ ወደ ግቢ ወጣች። ነጠላዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«አረፈ! ሣህሉ አረፈ! በመጨረሻ አረፈልኝ!» እያለች በሩን በርግዳ ቢራውን ልትገዛ ወደ ሱቅ ሮጠች።

አጥር ለአጥር የምትዋሰናቸው ዳሃቦ ልብስ እያሰጣች ነበር። ዳሃቦ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ስታወራ የምትበልጣት የለም፤ አማርኛዋ ግን ከገበያና ከለቅሶ ቤት የተለቀመ ነው። እስላም ክርስቲያን በማይለየው በሰፈሩ እድር ውስጥ ሃያ ዓመት ስትኖር «አረፈ» የሚለውን ቃል የሰማችው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ቅድም ከዚያ ቤት አምስት ደቂቃ ሙሉ ጩኸት ሰምታለች። አሁን ደግሞ ጎረቤቷ ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ በዓይኗ አየች። ምን ቀራት? እርጥቡን ልብስ ጥላ ገብረወልድ ቤት ገባች።

«ዋይ! ዋይ! ሣህሉ አረፈ አቦ! ሚስቱም አብዳ ወጣች!»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ገብረወልድ ከስድስት እድርተኞች ጋር የድንኳን ቋሚ አስይዞ ሣህሉ ግቢ ውስጥ ቆመ።

ሣህሉ ከወንበሩ አልተነሳም ነበር። ቁልፍ ቢነካ የቆመው አይሮፕላን የሚጠፋ መስሎት፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሥዕሉን ሲያይ ነው የሰዉ ድምፅ የመጣው። በመስኮቱ ስንጥቅ አየ። ገብረወልድ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራል።

«አቶ ሣህሉ ትልቅ ሰው ነበሩ።»

ሣህሉ አካባቢውን አየ። ስለ ሌላ ሣህሉ የሚወራ መሰለው።

«ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ሻንጣ ጠፍቶባቸው አያውቅም። እሳቸው ባሉበት ቀን እኔ ተረጋግቼ ነው የምውለው።»

ሮጦ ወጥቶ «አለሁ» ማለት እንዳለበት ሣህሉ ያውቃል። ሞተ ተብሎ እየተለቀሰለት ሰው እንዴት ይቀመጣል? ግን «እሳቸው» ተብሏል። አንዲት ብቻ ልስማ፣ አለ በልቡ።

«ያን ጊዜ ለትምህርቱ ልልካቸው ይገባ ነበር» አለ ገብረወልድ፣ ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ። «ከላክኋቸው ከሁለቱም እሳቸው ይሻሉ ነበር። ቀለድኩባቸው። ምን ያደርጋል፣ አሁን አይሰሙኝ።»

ሣህሉ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቀረ። ዓይኑ ለምን እንደረጠበ አልገባውም፤ ሟቹ እሱ ነው፣ አልቃሹም እሱ ሆነ።

ይህን ጊዜ የሺአረግ በሁለት እጇ ሁለት ቢራ ይዛ ገባች። የተተከለውን ቋሚ አይታ ደነገጠች።

«ማነው የሞተው?»

ዳሃቦ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። «አይዞሽ የሺ! ቻይው አቦ፣ ቻይው!»

«ምኑን ነው የምችለው?»

«የአቶ ሣህሉን ማረፍ ሰምተን ነው» አለ ገብረወልድ አንገቱን ደፍቶ።

የሺአረግ ፊቷ በራ። «ሰማችሁ? ወሬ እንዴት ይሮጣል እናንተዬ! አሁን እኮ ነው ያረፈው፤ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ!»

እድርተኞቹ ቢራውን አዩ፤ ሳቋን አዩ። «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል» ብሎ አንዱ አንሾካሾከ።

«ብዙ ተሰቃዩ?» አለ ገብረወልድ በቀስታ።

«ሦስት ወር ሙሉ! የዛሬውስ በሰላም ነው። ያለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በፊተኛው ተራራ ገጭቶ እሳት ሆነ።»

«ያለፈው... ቅዳሜ?»

«እሱ መች ይታክተዋል! ነገም ያርፋል፣ መብራት ከኖረ።»

ከዚህ በላይ መደበቅ ነውር ሆነ። ሣህሉ በሩን ከፍቶ ወጣ። አንድ ቋሚ ከነተሸካሚው ወደቀ። ዳሃቦ «ቢስሚላሂ!» ብላ የሺአረግን እንደ ጋሻ ፊቷ አቆመቻት። ገብረወልድ አፉን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ እንደገና ከፈተ።

«አንተ! አልሞትክም እንዴ?»

ያች ቃል ተመለሰች። ከነአሸዋዋ።

«ቅድም እሳቸው አልነበርኩም?» አለ ሣህሉ።

«እሱማ ለሞተ ሰው ነው» አለ ገብረወልድ፣ ኮፍያውን መልሶ እየደፋ።

«ልልካቸው ይገባ ነበር ያሉትስ?»

«ለቅሶ ላይ የተባለ ነገር አይቆጠርም። ይልቅ ይኼ ማረፍ ማረፍ የምትሉት ምንድን ነው? ሰው ከሥራው አስነሥታችሁ!»

የሺአረግ እየሳቀች፣ እየተንፈራፈረች፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሰዉ ተግተልትሎ ወደ ቤት ገባ፤ ዳሃቦም ሣህሉን ክንዱን ቆንጥጣ እውነተኛ መሆኑን ካጣራች በኋላ ተከተለች። ገብረወልድ መነጽሩን አድርጎ ቴሌቪዥኑ ላይ አጎነበሰ።

«ይኼ የልጅ መጫወቻ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አይሮፕላን ያሳረፍኩ ሰው ነኝ።»

«እርስዎ ወንበር ላይ ሆነው ነው ያሳረፉት» አለ ሣህሉ። «ይኸው፣ ይኼም ወንበር አለው። ይቀመጡ።»

ሰው ሁሉ እያየው እምቢ ማለት አልሆነለትም። ተቀመጠ። ሣህሉ ከጎኑ ቆሞ አሳየው፦ ይህች ጉልበት ትሰጣለች፣ ይህች አፍንጫ ታነሳለች፣ ይህች ታወርዳለች። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፣ አንተ ዞር በል» አለ ገብረወልድ። አይሮፕላኑ ሮጠ፤ ተነሳ። እድርተኞቹ አጨበጨቡ።

«አያችሁ?» አለ ገብረወልድ። «ትምህርት ማለት ይኼ ነው።» ጣቱን ግን አፍንጫ ከምታነሳው ቁልፍ ላይ አላነሳም። አይሮፕላኑ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ምድር እስክትጠፋ ቀና። ሰማይ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጉልበቱ አለቀና ባለበት ቀጥ አለ፤ አፍንጫው ተደፋ፤ ምድር ከታች እየሰፋች መጣች።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ ይኼ?»

«ዋላሂ፣ ይኼኛውም ሊያርፍ ነው!» አለች ዳሃቦ።

የገብረወልድ ጣት በቁልፎቹ ላይ እንደ ዶሮ ለቀመ። ላብ በመነጽሩ ሥር ወረደ። ሐይቁ ታየ፤ ሐይቁ አደገ።

«ያዘው! ኧረ... ያዙት! አቶ ሣህሉ፣ ያዙልኝ እባክዎ!»

እድርተኞቹ ሁሉ ወደ ሣህሉ ዞሩ። የትኛዋን ቁልፍ መንካት እንዳለበት ሣህሉ ያውቃል፤ እጁም መንገድ ጀምሮ ነበር። ከመንገድ መለሰውና ጀርባው ላይ አጣመረው።

«ምን አሉኝ? አልሰማሁም።»

«ያዙልኝ ነው የምለው፣ አቶ ሣህሉ! እርስዎ ነዎት የሚያውቁት!»

እንዴት ደስ ትላለች። ሣህሉ ጆሮውን ጠጋ አደረገ፤ ሦስተኛዋን ለመስማት ግን ሐይቁ ጊዜ አልሰጠም።